ሦስት ቀን በሮም፦ ሐውልቱን ሊያይ ሄዶ ባዶ ቦታውን ያየ ተማሪ ትዝታ

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ማንነቴን ልግለጽ። የታሪክ ሰው አይደለሁም። ሙያዬ ሲቪል ምሕንድስና ነው፤ እንጀራዬን የምበላው የድልድይ ሸክም እያሰላሁ ነው። ስለዚህ የታሪክ ምሁራን ከዚህ በታች በምጽፈው ውስጥ ግድፈት ካገኙ ያርሙኝ፤ እታረማለሁ እንጂ አልቀየምም። ብዕሬን እንዳነሣ ያደረገኝ ባለፈው ሰሞን ልጄ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ሮምን ልትጎበኝ መሆኑን ነግራኝ፣ «አባዬ፣ እዚያ ስሄድ ምን ልይ?» ብላ መጠየቋ ነው። ጥያቄዋ ቀላል ይመስላል። እኔ ግን መልሱን ሳስብ አደርኩ። ምክንያቱም እኔም በተማሪነቴ ወደዚያች ከተማ ሄጄ ነበር፤ ያየሁትና ማየት ሲገባኝ ያላየሁት ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ተማሪና ርካሽ ትኬት

ጊዜው መጋቢት 2005 ነው። ጀርመን አገር የሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። የክረምቱ ሴሚስተር ፈተና አልቆ፣ አንድ ቱርካዊና አንድ ህንዳዊ የክፍል ጓደኞቼ ርካሽ የአውሮፕላን ትኬት አግኝተው «ሦስት ቀን ሮም እንሂድ» አሉኝ። የኪሴን ነገር ሳስብ ባልሄድ ይሻለኝ ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር ጎተተኝ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ በትምህርት ቤት «ሮም ያለው ሐውልታችን» እየተባልን ነው ያደግነው። እንግዲህ አንድ ኢትዮጵያዊ የምሕንድስና ተማሪ ሮም ድረስ ሄዶ የአክሱምን ሐውልት ሳያይ ቢመለስ ምን ይባላል? ብዬ ሻንጣዬን አነሣሁ።

ጾም ገብቶ ስለነበር ሦስቱንም ቀን የኖርኩት በቲማቲም ፓስታ ነው። ጓደኞቼ ሲያዝኑልኝ «ይህንንስ እኛም አገር እንበላዋለን፤ የተከሉብን እናንተ የምታደንቋቸው ጣሊያኖች ናቸው» እያልኩ እቀልድ ነበር።

እንደ መሐንዲስ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ፓንቴዮን ነው። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን በአጼ ሀድሪያን ዘመን የተሠራ፣ ስፋቱ 43 ሜትር ገደማ የሆነ፣ ውስጡ አንድም ብረት የሌለበት የኮንክሪት ጉልላት ነው። ሮማውያን ከታች ከባድ ድንጋይ፣ ወደ ላይ ከፍ እያለ ሲሄድ ደግሞ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየቀላቀሉ ክብደቱን ቀነሱለት። አናቱ ላይ ክብ ቀዳዳ ትተውለት ዝናቡም ፀሐዩም በዚያ ይገባል። ምሕንድስና የሚያውቅ ሰው እዚያ ቆሞ ቆቡን ያነሣል። የሮማውያንን ብልሃት ማድነቅ ነውር አይደለም። የእኔ ጉዳይ ግን ሌላ ነበርና ወደዚያው ልለፍ።

አምስት መቶዎቹ

ያረፍንበት ርካሽ ማደሪያ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነበር። ያ አካባቢ የሐበሻ ሰፈር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሁለተኛው ቀን ማለዳ ጓደኞቼ ሳይነሡ ከጣቢያው ፊት ለፊት ባለው ሰፊ አደባባይ ስንጎራደድ፣ ነጠላቸውን በካፖርታቸው ላይ ያጣፉ አንዲት እናት አየሁ። ሰላምታ ሰጠኋቸው። በሰባዎቹ ዓመታት ከአስመራ መጥተው፣ በሰው ቤት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። አማርኛቸው ከእኔ የጠራ ነው።

«ተማሪ ነህ የኔ ልጅ?» አሉኝ።

«አዎ እናቴ፤ ከጀርመን ነው የመጣሁት። የአክሱምን ሐውልት ለማየት።»

ፈገግ አሉ። «እሱንስ አፍርሰው አንሥተውታል፤ አልሰማህም? ለመሆኑ የቆምክበትን አደባባይ ስም ታውቃለህ?»

አላውቅም አልኳቸው። በእጃቸው ወደ ጽሑፉ ጠቆሙኝ። ፒያሳ ዴይ ቺንኴቼንቶ፣ ማለትም የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይላል። «እነማን እንደሆኑ ታውቃለህ? ዶጋሊ ላይ አሉላ የፈጃቸው ናቸው» አሉኝ። ከዚያም ጥቂት እልፍ ብሎ ካለው የአትክልት ስፍራ ወስደው አንድ የግብፅ ኦቤሊስክ አሳዩኝ።

አንባቢ ሆይ፣ በጥር 1887 ምጽዋ አጠገብ ዶጋሊ በተባለው ስፍራ የራስ አሉላ ጦር አንድ የጣሊያን ክፍል ሙሉ በሙሉ ደመሰሰ። ከ400 በላይ ጣሊያናውያን ሞቱ። ሮም ቁጥሩን አጠጋግታ «አምስት መቶዎቹ» አለቻቸው፤ ከተማው ውስጥ ከጥቂት ዓመታት በፊት ተቆፍሮ በተገኘ የዳግማዊ ራምሴስ ኦቤሊስክ ላይ መታሰቢያ አቆመችላቸው፤ አደባባዩንም በስማቸው ጠራች። እኔ ሁለት ሌሊት ሙሉ እዚያው አጠገብ ተኝቼ፣ በየማለዳው አቋርጬው ሳልፍ የማን ስም እንደሆነ አላውቅም ነበር። አድዋን እንደ ዳዊት የምደግም ሰው ነኝ፤ ዶጋሊን ግን በሰው አገር ጡረተኛ እናት አስተማሩኝ። አፈርኩ።

እኚያ እናት አንድ ነገር ጨመሩልኝ። «እዚሁ ሐውልት ሥር ነው አንበሳውን ያስቀመጡት። ዘርዓይም እዚሁ ነው» አሉ። በወረራው ዘመን ፋሺስቶች ከአዲስ አበባ የዘረፉትን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በ1937 በዶጋሊ መታሰቢያ ግርጌ አስቀመጡት። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ የዶጋሊን ደም መለስን ማለታቸው ነበር። አንበሳው ወደ አገሩ የተመለሰው በ1960ዎቹ ነው፤ ዛሬ ለገሐር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ቆሟል።

የዘርዓይ ደረስን ታሪክ እኔ የማውቀው እንደ አብዛኞቻችሁ ነበር። በሰልፍ መካከል፣ በሙሶሊኒ ፊት፣ ሰይፉን መዝዞ በርካታ ፋሺስቶችን ገደለ የሚለውን ማለቴ ነው። በመዛግብት ላይ የተመሠረቱት የኋላ ጥናቶች የሚነግሩን ግን ከዚህ ዝቅ ያለ ይመስላል። የኤርትራ ተወላጅ የሆነው ይህ ወጣት በግዞት ለተወሰዱት የኢትዮጵያ መኳንንት አስተርጓሚ ሆኖ ሮም መጣ። በሰኔ 1938 አንበሳው ፊት ተንበርክኮ ጸለየ። ሰዎች ሊያስነሡት ሲሞክሩ ሰይፉን መዘዘ፤ ሰዎች አቆሰለ፤ በጥይት ተመትቶ ተያዘ። እብድ ነው ተብሎ ሲሲሊ ውስጥ በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ተዘጋበትና በ1945 እዚያው ሞተ።

አንዳንድ ወገኖች ይህን ስናገር «ጀግናችንን አሳነስክብን» ይሉኛል። ለእኔ ግን ተቃራኒው ነው። በአደባባይ ሰልፍ መካከል የሚፋለም ጀግና በፊልምም አለ። ብቻውን፣ ማንም ሳያጨበጭብለት፣ በጠላት ከተማ መካከል በአገሩ ምልክት ፊት ተንበርክኮ መጸለይ፣ ከዚያም ሰባት ዓመት እብድ ተብሎ መቆለፍ ግን ከየትኛውም ተረት ይበልጣል። እውነቱ የሚበቃውን ሰው በማጋነን አናሳንሰው።

ባዶው ስፍራ

ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ከኮሎሲየም ተነሥተን በእግራችን ወደ ፖርታ ካፔና አደባባይ ወረድን። የፋኦ ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ነው፤ ሕንፃው መጀመሪያ የታቀደው ለጣሊያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። ሐውልቱ ከፊቱ ነበር የቆመው። እናታችን እንደነገሩኝ ባዶ ነው። ቱርካዊው ጓደኛዬ ዙሪያውን ተመለከተና «ታዲያ የት አለ ያልከው ነገር?» አለኝ። ምን ልበለው? «ሄዷል» አልኩት። ለካስ ገና አልሄደም ነበር። በ2003 መጨረሻ መነቀል የጀመረው ሐውልት በሦስት ተከፍሎ፣ እኛ በወረድንበት በፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ መጋዘን ውስጥ ተኝቶ ነበር። አጠገቡ አርፌ፣ ሳላውቀው አልፌው ነበር ባዶ ቦታውን ልፈልግ የሄድኩት!

ያ ስፍራ ግን ባዶም ሆኖ ይናገራል። ከመንገዱ ማዶ የጥንቱ የፈረስ መሽቀዳደሚያ ሰርከስ ማክሲመስ አለ። በ357 ዓ.ም. አጼ ቆንስጣንጥዮስ ዳግማዊ ከግብፅ የመጣ ትልቅ ኦቤሊስክ እዚያ አስተከለ። ርዝመቱ 32 ሜትር ያህል ነው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ተቆፍሮ ወጥቶ ዛሬ ላተራን በሚባለው ስፍራ ይገኛል። ይኸው ንጉሥ በዚያው ዘመን ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፏል። ደብዳቤው በቅዱስ አትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ ተጠብቆ ደርሶናል። ጳጳሳችሁን ፍሬምናጦስን ሃይማኖቱ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ ላኩት የሚል ነው። ሊያስመረምረው የፈለገው በአርዮሳውያን ዘንድ መሆኑ ነው። ይኸው ፍሬምናጦስ በእኛ ዘንድ እስከ ዛሬ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን እየተባለ ይዘከራል።

ነገሩን ልብ በሉልኝ። በአራተኛው ክፍለ ዘመን ሮምና አክሱም ደብዳቤ የሚጻጻፉ መንግሥታት ነበሩ። ሁለቱም ረጃጅም ድንጋይ ያቆሙ ነበር። ልዩነቱ ሮም የቆመ ድንጋይ ከሌላ አገር ታመጣለች፤ አክሱም ግን ከራሷ ተራራ ፈልፍላ፣ በርና መስኮት ቀርጻበት እንደ ፎቅ ቤት አስመስላ ታቆማለች። በ1937 ሙሶሊኒ የአክሱምን ሐውልት ወስዶ ከዚያው ሰርከስ ጫፍ ላይ ሲተክለው የጥንቶቹን ቄሣሮች መቅዳቱ ነበር። የቀዳው ግን ብልሃታቸውን ሳይሆን ዝርፊያቸውን ነው።

ያ ቦታ የደስታም ትዝታ አለው። መስከረም 10 ቀን 1960 ሌሊት አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሲሮጥ፣ ከሞሮኮው ራዲ ተፈትልኮ የወጣው ሐውልቱ አካባቢ ሲደርስ ነበር። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። ይህን ለጓደኞቼ ስነግራቸው ህንዳዊው ጫማውን አውልቆ ካላሯሯጥኩህ አለኝ። ሳቅን። ከዚያ ግን ዝም አልኩ፤ ስለ አበበ የማውቀውን ያህል ስለ ድንጋዩ አላውቅም ነበርና።

ከጉልላቱ ላይ

በሦስተኛው ቀን ቫቲካን ሄድን። የአሳንሰሩን ገንዘብ ለመቆጠብ 551 ደረጃ በእግር ወጥተን ከቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ላይ ደረስን። ሰው ሁሉ የሚያየው ወደ ፊት፣ ወደ ታላቁ አደባባይ ነው። እኔ ወደ ኋላ ዞርኩ። ከባዚሊካው ጀርባ አንዲት ትንሽ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ፣ የሐበሾቹ ቅዱስ እስጢፋኖስ። ከዚያም ወዲያ በአትክልቱ መካከል የኢትዮጵያ ኮሌጅ ይታያል።

ይህች ቤተ ክርስቲያን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ በጳጳሱ ሲክስተስ 4ኛ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠች ናት። ከኢየሩሳሌም በእግራቸውና በመርከብ እየመጡ የሚያርፉባት ቤት ነበረች። እንግዲህ ዛሬ «ዲያስፖራ» የምንለውን ነገር እኛ የጀመርነው የሚመስለን ካለን ተሳስተናል። የመጀመሪያዎቹ የአውሮፓ ነዋሪዎቻችን እኚያ መነኮሳት ነበሩ። ምን ሠሩ?

ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ካህን የግዕዝ ቅዳሴያቸውን ሰምቶ ተማረከ። ከአባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ዘንድ ግዕዝ ተማረና በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በፊደላችን ሮም ላይ አሳተመ። በማተሚያ ማሽን የታተመ የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ እሱ ነው። የሚያስቀው ፖትከን ቋንቋውን ከለዳዊ ነው ብሎ ማመኑ ነው፤ ቢሆንም ሥራው ቀረ። ቀጥሎ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ዘመን ከደብረ ሊባኖስ የወጡት አባ ተስፋ ጽዮን መጡ። አገራቸው ሲቃጠል፣ ገዳማት ሲፈርሱ፣ እሳቸው ሮም ተቀምጠው በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ፊደሉን የደረደሩት ሰዎች ማንበብ እንደማይችሉ፣ እነሱ ራሳቸው ደግሞ መደርደር እንደማያውቁ ገልጸው አንባቢ ስሕተቱን ይቅር እንዲላቸው ይለምናሉ። በየማታ ሥራው ተዳክመን «ጊዜ የለንም» ለምንል ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው።

ሦስተኛው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። የመካነ ሥላሴው ይህ ሊቅ በ1649 ሮም ላይ ከጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ። በ1652 ሉዶልፍ ወዳለበት ወደ ጎታ ተጓዙ። የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ (1681) እና የአማርኛ ሰዋስው (1698) ያለ አባ ጎርጎርዮስ አይታሰቡም። እሳቸው ግን ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 በመርከብ አደጋ ሞቱ። በእሳቸው ትከሻ ላይ የቆመ ሁሉ ስለ እኛ ሲጽፍ፣ እኛ ስማቸውን ለልጆቻችን አንነግርም። እኔ ራሴ ጀርመን አገር እየተማርኩ፣ ከእኔ በፊት ከ350 ዓመት ገደማ ቀድሞ አንድ ወሎዬ መነኩሴ እዚያ ማስተማሩን አላውቅም ነበር።

ድንጋዩ በሄደበት ያልተመለሰበት ምክንያት

ከሮም ከተመለስኩ ከአንድ ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2005፣ የመጀመሪያው የሐውልቱ ክፍል አክሱም ገባ። ዕለቱ ጳጳስ የተመረጠበት ዕለትም ነበር። የተማሪ ማደሪያው ሰው በሙሉ በቴሌቪዥን የቫቲካንን ጭስ ሲጠብቅ፣ እኔ ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ አንቶኖቭ አውሮፕላን ስጠብቅ ዋልኩ። ቀሪዎቹ ሁለት ክፍሎች በዚያው ወር ገቡ። ሐውልቱ እንደገና ቆሞ የተመረቀው በመስከረም 2008 ነው። በ1947 የፓሪስ የሰላም ውል ጣሊያን በ18 ወራት ውስጥ ልትመልስ የፈረመችው ዕዳ ከሃምሳ ዓመት በላይ ዘግይቶ ተከፈለ ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ «ድንጋዩ አይንቀሳቀስም፣ ይጎዳል» የሚሉን ነበሩ። በ2002 ግን ሮም ላይ መብረቅ መታው። የትም ቢሆን ድንጋይ ይጎዳል፤ የሚሻለው በባለቤቱ እጅ ሆኖ መጠገኑ ነው።

እንደ መሐንዲስ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። 160 ቶን የሚመዝን ድንጋይ በዓለም ካሉት ትላልቅ የጭነት አውሮፕላኖች በአንዱ፣ ለዚሁ ተብሎ የተሻሻለ ማረፊያ ላይ ማምጣት ለምን አስፈለገ? በ1937 እኮ የሄደው በመኪና ነበር፤ ከአክሱም ምጽዋ በአምስት ምልልስ፣ ሁለት ወር ፈጅቶ። ያመላለሰችውም መርከብ ስሟ፣ ጉድ በሉ፣ «አድዋ» ነበር። ለምን በዚያው መንገድ አልተመለሰም? መልሱን ሁላችንም እናውቃለን። ከ1998 እስከ 2000 በተደረገው ጦርነት መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ጣሊያኖች ሲዘርፉን የተከፈተ መንገድ፣ የተዘረፈውን ስናስመልስ ወንድማማቾች ዘግተነው ተገኘን።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ እኚያ የአስመራ እናት ትዝ ይሉኛል። ከጦርነቱ አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ከየት ወገን ነህ ሳይሉኝ፣ የአሉላንና የዘርዓይን ታሪክ እንደ ቤተሰብ ገበና አወጉኝ። ስለያይ «ሲመለስ እንኳን ደስ ያላችሁ» አሉኝ። «እንኳን አብሮ ደስ አለን» አልኳቸው። ከልቤ ነበር።

ዛሬ ላይ ሆኜ ሌላም ነገር ይቆጠቁጠኛል። ሐውልቱ በመመለሱ እዚህ በስደት ያለነው ጨፍረናል፤ ተገቢም ነበር። በኅዳር 2020 ግን በዚያችው በአክሱም ከተማ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲቪሎች መገደላቸውን የሰብአዊ መብት ድርጅቶች መዝግበዋል። ለድንጋዩ በአንድ ድምፅ የጮኸው ዲያስፖራ ለሰዉ ሲሆን በየጎራው ተከፋፈለ። እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነበርኩ። ቅርስ የሚጠበቀው ለምንድን ነው? ሥሩ የሚኖረው ሰው ካልተጠበቀ ሐውልቱን ማቆም ብቻውን ምን ይፈይዳል? ጣሊያኖችን «ረሱ» ብለን እንከሳለን፤ ልክ ነን። በ2012 ከሮም ብዙም በማትርቅ አፊሌ በምትባል ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሲሠራ ተቃውመናል፤ ልክ ነበርን። ነገር ግን የራሳችንን መርሳት የሚከስልን ማን ነው?

ለልጄ የሰጠኋት መልስ

ልጄ ሆይ አልኳት፣ ፓንቴዮን ግቢና ጉልላቱን ቀና ብለሽ እዪ፤ የሰው ልጅ ብልሃት የሁላችንም ነው። ተርሚኒ ስትደርሺ የአደባባዩን ስም አንብቢና ለጓደኞችሽ ዶጋሊን ንገሪያቸው። ከአንበሳው ቦታ ላይ ለዘርዓይ አንድ ደቂቃ ዝም በይ። ከጉልላቱ ላይ ስትወጪ ሁሉም ወደ ፊት ሲያይ አንቺ ወደ ኋላ ዞረሽ ትንሿን ቤተ ክርስቲያን ፈልጊ፤ የመጀመሪያው የፊደላችን የኅትመት ታሪክ እዚያ ካረፉት መነኮሳት ጋር የተያያዘ ነው። በመጨረሻ ፖርታ ካፔና ሂጂ። ሐውልቱ በነበረበት አደባባይ አሁን ሁለት ዓምዶች ታገኛለሽ፤ በ2009 የተተከሉ፣ የመስከረም 11ን ሙታን የሚያስቡ ናቸው። አትቆጪ፤ ለሞተ ሰው መታሰቢያ ማቆም መልካም ነገር ነው። የእኛ አገሩ ገብቷል።

ልጄ አዳምጣኝ ስታበቃ «ታዲያ አክሱምን ራሱን መቼ ነው የምናየው አባዬ?» አለችኝ። እስከ ዛሬ ልወስዳት ያልቻልኩበትን ምክንያት እሷም ታውቀዋለች። ይህን ጥያቄ እኔ ብቻዬን የምመልሰው አይደለም፤ ለዚህ ነው ወደ እናንተ ያመጣሁት።

ቸር ያሰማን።